ቧንቧ ለመጠገን ስንት ማኅተም ያስፈልጋል?

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ፈነዳ። እኛ ተኝተን ነበር። የቀሰቀሱን ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው፤ ውሃው በጣሪያቸው በኩል አልጋቸው ላይ መንጠባጠብ ጀምሯል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ያለ ቀን ሰው የሚሮጠው ወደ ደረጃው ግድግዳ ነው። እዚያ በቀለምም በማርከርም የተጻፈ የስልክ ቁጥር መዓት ነው፤ «ቧንቧ እንሠራለን»፣ «ኤሌክትሪክ»፣ «ዲሽ»፣ «ቀለም»። አንዱ ላይ ደወልኩ።

ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚሆን ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከአሮጌ ቦርሳቸው መፍቻ፣ ፒንሳና ቴፍሎን አወጡ፤ መጀመሪያ ውሃውን ከዋናው ዘጉ፣ ከዚያ መገጣጠሚያውን ፈቱ፣ አዩትና «ይሄን የገጠመው ሰው ቸኩሎ ነበር» አሉ። ሌላ ትችት አልነበራቸውም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱ። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ሳልጠይቃቸው የጎረቤቴን ጣሪያ አይተው፣ ሳይደርቅ ቀለም እንዳይቀባ ነግረዋቸው ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ አልጽፈውም ነበር። ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። የተማሪዎቹ መጸዳጃ ቤት ለወራት እያፈሰሰ ስለነበር ጋሼን ጠቆምኩ። መጡ፣ አዩ፣ ዋጋ ነገሩ። ሂሳብ ክፍል «የንግድ ፈቃድ? ቲን? ደረሰኝ?» አለ። አንዱም የላቸውም። ሥራው ሦስቱንም ላቀረበ ሌላ ሰው ተሰጠ፣ በበለጠ ዋጋ። በሦስተኛው ቀን ልጄን ላደርስ ስሄድ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ጋሼን! ፈቃድ ያለው ሰውዬ በቀን ሂሳብ ቀጥሯቸዋል። እሱ ራሱ ቧንቧ አይነካም። ያው እጅ፣ ያው ቦርሳ፣ ያው ቴፍሎን፤ ልዩነቱን የበላው ወረቀቱ ነው።

ሂሳብ ሹሟን አልወቅስም፤ ያለ ደረሰኝ ብትከፍል በኦዲት የምትጠየቀው እሷ ናት። እኔን ያሳሰበኝ ወረቀቱ ራሱ ነው። የንግድ ፈቃዱ ሰውዬው ቧንቧ መጠገን እንደሚችሉ አያረጋግጥም። ቲኑም፣ ደረሰኙም እንዲሁ። ታዲያ ይህ አገር የእጅ ባለሙያውን ወረቀት መጠየቅ የጀመረው መቼ ነው? ወረቀቱስ ስለ ምን ነው የሚመሰክረው? ጥያቄውን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት በላይ አስገርሞኛል።

ከወረቀቱ በፊት የነበረውን ዘመን ብዙዎቻችን በወፍ በረር እናውቀዋለን። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸማ የሚሠራው ሰው በአብዛኛው የሰሜንና የመሀል አገር ማኅበረሰብ ዘንድ የተናቀ ነበር። «ባለ እጅ» የሚለው ቃል ራሱ፣ ዛሬ ብንሰማው ምስጋና የሚመስለው፣ በብዙ ቦታ ስድብ ነበር። ከስድቡም በላይ «ቡዳ» የሚለው ፍርሃት አለ፤ ማታ ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል የሚባልለት ሰው ቀን ማረሻ እንዲያበጅ ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ ርስት አይሰጠውም፣ ከጨዋ ቤት አይጋባም። ሙያው የሚተላለፈው ከአባት ወደ ልጅ ስለነበር የሥራ ፈቃዱ ደሙ ነበር ማለት ይቻላል። ማንም ሌላ ሰው ያንን ሥራ አይፈልገውም፤ እነሱም ወደ ሌላ ሥራ አይገቡም።

ነገሥታቱ ግን ያለ ባለ እጅ መኖር አይችሉም ነበር። የጎንደር ግንቦች ሲሠሩ ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች እንደነበሩ፣ አንዳንዶቹም ለሙያቸው ማዕረግና መሬት እንዳገኙ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥቱ የናቀውን እጅ ለራሱ ጉዳይ ሲሆን ያከብረው ነበር ማለት ነው። ቴዎድሮስም በጋፋት እንዲሁ አድርገዋል። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ፈረንጆች መድፍ ሠሪ አደረጓቸው፤ አጠገባቸውም ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እንዲማሩ አቆሙ። ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ ከመድፉ ይልቅ ትምህርቱ ነው፤ በጋፋት ሙያ ከደም ወጥቶ ወደ ማንኛውም የሚማር እጅ የሚገባበት በር ለጥቂት ዓመታት ተከፍቶ ነበር። መቅደላ ላይ ሁሉም አበቃ።

ከዚያ ምኒልክ። ጥር 1900 ዓ.ም. የወጣው የምኒልክ አዋጅ በእኔ ግምት ከአድዋ ክተት አዋጅ ቀጥሎ ልጆቻችን ሊያጠኑት የሚገባ ነው፤ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ንጉሠ ነገሥቱ በሥራው ምክንያት ሰውን መሳደብ ከለከሉ። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ሠሪውን፣ ገበሬውን ሳይቀር በየሥራው ስም የሚሰድበውን ሕዝብ ገሠጹ፤ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነው። ቅጣቱም አንድ ዓመት እስራት። ሹማምንት ለማሰር ቢቸገሩ ተሳዳቢውን ወደ እኔ ላኩልኝ የሚልም አለበት። አዋጁ ስድቡን አጠፋው? አላጠፋውም። እስከ ዛሬም በአንዳንድ ቦታ አለ። ነገር ግን ቁጥሩን ያዙልኝ፤ ለእጅ ባለሙያው ክብር ሲባል አንድ ዓመት እስር። ወደ ኋላ ላይ ከሌላ ቁጥር ጋር እናነጻጽረዋለን።

አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ገና እየተሠራች ነው። ድንጋይ የሚጠርቡ ሕንዶች፣ ጫማና ወርቅ የሚሠሩ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ዐረቦች በከተማዋ ነበሩ። ከጉራጌ፣ ከጋሞና ከሌላውም አገር እየመጣ የሚገባው ሠራተኛ ከእነዚህ ሥር ሆኖ ተማረ። ጣልያን በአምስቱ ዓመት መንገድና ሕንፃ ሲሠራ ደግሞ ትምህርቱ ሰፋ፤ ወደደም ጠላም ብዙ የአገሬ ሰው በቀን ሠራተኛነት ግንበኝነትና መካኒክነት ለመደ። ለዚህ ማስረጃ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ሙዚየም አትሂዱ። ወደ መርካቶ ሂዱና የአናጺ ቋንቋ ስሙ፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ፌሮ፣ ሊሾ፣ ባኞ። ሁሉም ጣልያንኛ ነው። ማንም ሰው በወረቀት አልተመረቀበትም፣ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም እንኳ ቃላቱ ከአፍ ወደ አፍ ሙያውም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። (ስለ ቅኝ ግዛት ውለታ አይደለም የማወራው፤ አስተማሪው ማን እንደሆነ ተማሪው አልመረጠም።)

ከነፃነት በኋላ ተግባረ ዕድ ተከፈተ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ። ጥሩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ግን የሚያስተምሩት ጥቂቶችን ነው፤ ተመራቂውም ወደ ፋብሪካና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር የሚሄደው። የሰፈሩ ቧንቧና የሰፈሩ ጣሪያ እንደ ቀድሞው ከጌታው ሥር ቁጭ ብሎ በተማረ ልጅ እጅ ቀረ።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ሕጎች ወጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ። የንግድ ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳያዊው ኤስካራ ሲሆኑ፣ እሳቸው ሲሞቱ ዦፍሬ የተባሉት ሌላ ፈረንሳያዊ ጨረሱት። ይህ ሕግ «ነጋዴ ማን ነው?» ብሎ በአንቀጽ 5 ረጅም ዝርዝር ካስቀመጠ በኋላ ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል፤ የእጅ ባለሙያውንም እንዲሁ። በራሱ ጉልበት፣ በቤተሰቡና በጥቂት ረዳቶች የሚሠራ፣ በዋነኛነት ከእጁ ድካም የሚኖር ሰው ነጋዴ አይደለም አለ። ይህ ትንሽ አንቀጽ ትመስላለች። ግን ሐሳቧ ጥልቅ ነው፤ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ነው፣ በካፒታሉ ያተርፋል፤ የእጅ ባለሙያ የሚሸጠው ራሱን ነው፣ ጉልበቱንና ዕውቀቱን። ሁለቱን በአንድ መዝገብ መመዝገብ አይገባም።

ጋሼ በ1952 ቢሆኑ ኖሮ ነጋዴ አይደሉም። ታዲያ ሥራ አበላሽተው ቢሄዱ ደንበኛው ምን ይሆናል? ለዚያ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ። ስለ ሥራ ውል በሚናገረው ክፍል፣ ከአንቀጽ 2610 ጀምሮ፣ አንድን ሥራ በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ሊያስረክብ የተዋዋለ ሰው ለጉድለቱ ይጠየቃል። ማኅተም ኖረው አልኖረው ጉዳዩ አይደለም። ጥበቃው የተቀመጠው በውሉ ውስጥ ነበር እንጂ በፈቃድ መስኮት ላይ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ በዚያን ዘመን ስንቱ ሰው ቧንቧ ሠራተኛውን ፍርድ ቤት ወስዶ ነበር? ሕጉ ከሕዝቡ ኑሮ ቀድሞ የተሰፋ ኮት ነበር። ቢሆንም ኮቱ ልክ ነበር።

ደርግ መጣና መለኪያው ተቀየረ። ሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ፈጠረ፤ ከዚያ ወዲህ የከተማ ሰው ማለት የቀበሌ መታወቂያ ያለው ሰው ሆነ። በዓመቱ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 76/1968 የግሉን ንግድ በገደብ አጠረው። ለችርቻሮ ከ200 ሺህ፣ ለጅምላ ከ300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር የበለጠ ካፒታል አይቻልም፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ፈቃድ አይይዝም። ገደቡ የታለመው ሀብታሙ ላይ ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ «አንድ ሰው አንድ ፈቃድ» የሚለው መንፈስ እንደ ጋሼ ላለው ሰው ምን ማለት ነው? ጠዋት ቧንቧ፣ ከሰዓት ቁልፍ፣ ማታ ጣሪያ የሚጠግን ሰው በየትኛው መደብ ይመዘገባል? የሰፈር ጥገና የሚባለው ሙያ በተፈጥሮው ብዙ ነው። መዝገቡ ደግሞ አንድ ብቻ ይወዳል።

በ1969 ዓ.ም. ሃሲዳ ተብሎ በምኅጻሩ የሚታወቀው የእደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ለእደ ጥበብ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ምኒልክ በቃል ያከበሩትን ሙያ መንግሥት በመዋቅር አወቀው። ይሁን እንጂ ጥሬ ዕቃውም ድጋፉም በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። ለብቻው የሚሠራ ሰው በግለኝነት የሚጠረጠር ነው። ያኔ የተጀመረ አንድ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ መንግሥት የእጅ ባለሙያን የሚያየው በቡድን ሲመጣ ብቻ ነው። የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የካፒታሉ አጥር ፈረሰ፤ ልማዱ ግን ከአጥሩ ጋር አልፈረሰም።

ኢሕአዴግ በ1989 የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 67ን አወጣ፤ በ2002 አዋጅ ቁጥር 686 ተተካ፣ በ2008 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 980 መጣ። ለእኔ የታሪኩ ዋና መታጠፊያ እዚህ ነው፤ እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የ2002ቱ አዋጅ «ነጋዴ» ለሚለው ቃል ትርጉም ሲሰጥ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 5 የተዘረዘሩትን ሥራዎች ጠቅሶ አያቆምም። አገልግሎት የሚሰጠውንም ይጨምራል። አንድ ቃል ናት፣ «አገልግሎት»። በዚያች ቃል በኩል የ1952ቱ ሕግ በጀርባ በር ያስወጣው የእጅ ባለሙያ በፊት በር ተመልሶ ገባ። ቧንቧ መጠገን አገልግሎት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ማንም ይህን ብሎ ስለ እጅ ባለሙያ አልተከራከረም፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ሰዎች ባንክንና ሆቴልን እያሰቡ ይሆናል የጻፉት። ውጤቱ ግን ያው ነው።

አሁን ያቆየሁትን ቁጥር አምጡት። በዚያው በ2002ቱ አዋጅ፣ ጸንቶ የሚሠራ ፈቃድ ሳይኖረው የንግድ ሥራ የሠራ ሰው መሣሪያው መወረሱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከ150 ሺህ እስከ 300 ሺህ ብር መቀጫና ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። በድጋሚ አንብቡት። ምኒልክ የእጅ ባለሙያን የሰደበውን አንድ ዓመት አሰሩ። እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ በጻፍነው ሕግ ያለ ፈቃድ የሚሠራው የእጅ ባለሙያ ራሱ እስከ 15 ዓመት ይታሰር፣ ፒንሳውም ይወረስ ነበር።

ማንም ቧንቧ ሠራተኛ በዚህ አንቀጽ 15 ዓመት ሲፈረድበት አልሰማሁም። ይህን የምለው ለማረጋጋት አይደለም። የማይፈጸም ከባድ ሕግ ከሚፈጸም ቀላል ሕግ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በማን ላይ መቼ እንደሚመዘዝ የሚወስነው ደንብ አስከባሪው ይሆናል። እንዲህ ያለ ሕግ እንደ ተሰቀለ ጅራፍ ነው፤ ባይመታም ሰው ከሥሩ ሲያልፍ ያጎነብሳል።

«ታዲያ ለምን ፈቃድ አያወጡም?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። የመጀመሪያው እንቅፋት የሥራ ቦታ አድራሻ ነው፤ የኪራይ ውል ወይም የባለቤትነት ማስረጃ። የእሳቸው የሥራ ቦታ የእኔ መታጠቢያ ቤት ነው፣ ነገ የእናንተ። ሱቅ ቢከራዩ ምን ሊያደርጉበት ነው? ቁጭ ብለው ቧንቧ እስኪፈነዳ ሊጠብቁ? የንግድ ፈቃድ የተሰፋው በር፣ መደርደሪያና ታፔላ ላለው ሰው ነው። ሁለተኛው ግብር ነው። ግብር መክፈል ግዴታ ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ደብተር የማይዝ ሰው የሚከፍለው በግምት ነው፤ ሐምሌ 2009 የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲነገራቸው በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት የደረሰ ተቃውሞ ምን እንደሚመስል አይተናል። አንድ ሳምንት አራት ቤት፣ በሚቀጥለው አንድም ቤት ለሚሠራ ሰው የቀን ገቢ ግምት ቁማር ነው።

በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ መሥራትስ? ለብዙዎች ጠቅሟል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬት አመረቱ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ ተቀበሉ። የኮብልስቶኑም መንገድ እንዲሁ ነው። ግን አንድ ነገር ታዘቡ። ማኅበራቱ የሠሩት ግንባታውን ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ፣ ነዋሪው ከገባ በኋላ፣ ቧንቧው ማፍሰስ ሲጀምር የሚጠራው ማኅበሩ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ስልኩን የጻፈው ሰው ነው። አንድ ቧንቧ ለመጠገን አሥር ሰው አይደራጅም።

ሲ.ኦ.ሲ. ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ፈቃዶች ለእውነተኛው ጥያቄ የቀረበው እሱ ብቻ ነው። በ1996 የቴክኒክና ሙያ አዋጅ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ስትራቴጂ ወጣ። የስትራቴጂው ሐሳብ አብዮታዊ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሙያን የት ተማርክ ሳይሆን ምን ትችላለህ ብሎ መመዘን። ከጌታው ሥር ቁጭ ብሎ የለመደ ሰው ከኮሌጅ ተመራቂ እኩል ተፈትኖ ማረጋገጫ ያገኛል፤ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5። ከጋፋት ጀምሮ የዚህ አገር የእጅ ሙያ ሲፈልገው የኖረው ይህንን ነው።

በተግባር ምን ሆነ? ፈተናው የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው። ጋሼ አንድ ጊዜ ሞክረው ነበር። መገጣጠሚያውን እጃቸው ያውቀዋል፤ የጽሑፉ ጥያቄ ግን ፍላንጅን በእንግሊዝኛ ስሙ ይጠይቃል ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቢያልፉስ? ሲ.ኦ.ሲ. የንግድ ፈቃድ አይሆንም፣ ደረሰኝ ለመቁረጥ አያስችልም፣ የትምህርት ቤቱን ሂሳብ ክፍል አያረካም። ሙያን የሚመሰክረው ወረቀት በር አይከፍትም፤ በር የሚከፍተው ወረቀት ሙያን አይመሰክርም። የታሪኩ እንቆቅልሽ ይኸው ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሕጋችን ትክክለኛውን መለኪያ የሚያውቅባቸው ቦታዎች አሉ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ን ተመልከቱ፤ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። ልክ ነው። የተሳሳተ ሽቦ ሰው ይገድላል፣ ቤት ያቃጥላል፤ እዚህ ላይ ለድሃው ባለሙያ እዘንለት የሚል ክርክር አልቀበልም። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ ትንሿ ባለ አንድ ወለል ቤት በምድብ «ሀ» ትወድቅና ቀለል ያለ መስፈርት ይጠብቃታል፣ ፎቁ እየጨመረ ሲሄድ ኃላፊነቱም ይከብዳል። ሁለቱም ሕጎች የሚጠይቁት «ይህ ሥራ ቢበላሽ ምን ያህል ይጎዳል?» ብለው ነው። የንግድ ፈቃዱ ግን «አንተ ማን ነህ? ቢሮህስ የት ነው?» ይላል።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ፈታው ብዬ ስመለከት የካሊፎርኒያ ሕግ ሳበኝ፤ ሎስ አንጀለስ ያሉ ወገኖቻችን መካከል በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ስላሉ ጭምር። ካሊፎርኒያ ፈቃድ ላይ ልል አይደለችም፤ የሥራ ተቋራጮች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ነገር ግን ለጥቃቅን ሥራ በሕጉ ውስጥ መስኮት ትታለች። እስከ እ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻ ድረስ ጉልበቱም ዕቃውም ተደምሮ ከ500 ዶላር በታች የሆነ ሥራ ያለ ተቋራጭነት ፈቃድ መሥራት ይቻል ነበር። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ጣሪያው ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ሁኔታዎች አሉት፤ ሥራው የግንባታ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆን የለበትም፣ ሠራተኛ መቅጠር አይቻልም፣ ትልቁን ሥራ ቆራርጦ ትንሽ ማስመሰል ክልክል ነው። ማስታወቂያ ካወጣህ ደግሞ ፈቃድ የሌለህ መሆንህን እዚያው ላይ መናገር አለብህ።

ይህችን የመጨረሻዋን ወድጃታለሁ። «ፈቃድ የለኝም» ብሎ በግልጽ መጻፍ! እኛ ዘንድ ይህ ራስን እንደ መክሰስ ነው። እዚያ ግን ሐቀኝነት ነው፤ ደንበኛው አውቆ ይመርጣል። መስመሩ የተሰመረው በሰውየው ላይ ሳይሆን በሥራው መጠንና አደጋ ላይ ነው። ፍጹም ሕግ ነው እያልኩ አይደለም፤ አንድ ሺህ ዶላር ዛሬ ምን ያህል ሥራ ያሠራል የሚል ክርክር እዚያም አለ። በብር ጣሪያ ብናስቀምጥ ደግሞ የዋጋ ንረቱ በዓመቱ ይበላዋል። ስለዚህ ለእኛ ከብሩ ይልቅ የሥራው ዓይነት ይሻላል ባይ ነኝ። ቧንቧ መቀየር፣ በር ማስተካከል፣ ቁልፍ፣ ቀለም፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀዳዳ፤ እነዚህ በመታወቂያና በስልክ ቁጥር ምዝገባ ብቻ። ኤሌክትሪክ፣ የሕንፃ ምሰሶና ግድግዳ መነካካት፣ ጋዝ፤ እነዚህ ደግሞ በብቃት ማረጋገጫ፣ ያለ ይቅርታ።

«ሌባ ቤት ይገባል» የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም። የማናውቀውን ሰው መኝታ ቤታችን ድረስ ነው የምናስገባው። ግን ለዚያ የንግድ ፈቃድ ምን ይጠቅማል? ለዚያ የሚጠቅመው ሰውየው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ለዚህም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ወጥቷል፣ ፋይዳ ዛሬ በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ አለ። ማንነትን ለማረጋገጥ የሱቅ ኪራይ ውል መጠየቅ ያረጀ ዘዴ ነው። ግብሩም ቢሆን በዚያው ቁጥር፣ በየሥራው፣ በስልክ ክፍያ ላይ ትንሽ ተቀናሽ ቢሆን ከግምት ይሻላል። ደረሰኙም ከስልክ ይወጣል። ከቴክኒኩ በፊት የሚያስፈልገን ግን የ1952ቷን አንቀጽ መንፈስ ማስታወስ ነው። የንግድ ሕጉ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲተካ ነጋዴውን በተመለከተ ብዙ ውይይት ሰምተናል፤ ግድግዳ ላይ ስልኩን ስለሚጽፈው ሰው ግን የጮኸ አልሰማሁም። እሱ ማኅበር የለው፣ ጠበቃ የለው፣ ምክር ቤት የለው።

ፈቃድ ያለውን ሰውዬም ልውቀሰው? ሕጉ የንግድ ፈቃድን ለሌላ ማስተላለፍ ይከለክላል፤ እሱ ግን ፈቃዱን አላከራየም፣ ሰው ቀጠረ እንጂ። ሥርዓቱ የከፈተለትን ክፍተት ተጠቀመ። በየከተማው እንደ እሱ ያለ ስንት አለ! የእጅ ባለሙያው ሠርቶ፣ ወረቀት ያለው ተቀብሎ፣ ከዚያ ላይ ቆርሶ ይሰጠዋል። የድሮው ባለ እጅ ርስት ስለሌለው ለባለ ርስቱ ሠርቶ እህል ይቀበል ነበር፤ የዛሬው ደግሞ ማኅተም ስለሌለው ለባለ ማኅተሙ።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። ጥራቱን የጠበቀ መገጣጠሚያ ይገዛ ዘንድ ጋሼ በወቅቱ ተናግረው ነበር፤ ባለ ፈቃዱ ርካሹን ገዛ። ርእሰ መምህሩ ደውለውልኝ «ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ስልክ አለህ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና «ደረሰኝ ግን አላቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።